ስለ ባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ፦ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ድልድዩ ከተከፈተ ወዲህ ከዘመድ ወዳጅ የሚመጣልኝ ጥያቄ በዝቷል። ከደብረ ማርቆስ ደውሎ የሚጠይቅ አለ። ከአዲስ አበባ ለሠርግ መጥቶ አይቶት የተገረመ አለ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በእግረኛው መንገድ ስሻገር ደግሞ አንድ አባት አስቆሙኝ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ገመዶቹን ሽቅብ ያያሉ። «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ገመድ ማንን ነው የያዘው?» አሉኝ። አጠገባቸው ቆሜ የማውቀውን ያህል ነገርኳቸው። ሌላውም ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ እነሆ ጻፍኩት።

የምናወራው ስለ የትኛው ድልድይ ነው?

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ስለሚያቋርጠው አዲሱ ድልድይ ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። ሥራውን የወሰደው ሲሲሲሲ የተባለው የቻይና ተቋራጭ ነው። ወጪው ወደ 1.4 ቢሊዮን ብር ሲሆን የሸፈነው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም ነው።

ድልድዩ ጎጃም ውስጥ ነው ወይስ ቤጌምድር?

ይህን ጥያቄ ወጣቶቹ አይጠይቁትም። ትልልቆቹ ግን ሳይጠይቁ አያልፉም። ጥሩ ጥያቄም ነው።

በድሮው አከፋፈል ዓባይ ራሱ ድንበር ነበር። ወንዙ ምዕራብ ያለው፣ የከተማው ነባር ክፍል ያለበት ዳርቻ ጎጃም ነው። ማዶው ቤጌምድር ነው። ዛሬ ከተማው ወንዙን ተሻግሮ ሰፍቷል፤ ሁለቱም ዳር ባሕር ዳር ነው። ሰው ግን አሁንም ያን ወገን «ዓባይ ማዶ» ይለዋል። እዚያው ተወልዶ ያደገው ልጅ እንኳ የራሱን ሰፈር «ማዶ» ብሎ ይጠራል። ስለዚህ ድልድዩ አንድ እግሩ ጎጃም፣ አንድ እግሩ ቤጌምድር ነው ማለት ይቻላል።

ጎጃም ለሚባለው አገር ደግሞ ድልድይ ተራ ነገር አይደለም። ካርታ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ዓባይ ከጣና ይወጣል፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይዞራል። ጎጃምን እንደ መቀነት ከብቦት ነው የሚሄደው። ወደ ጎንደር የሚሄድ ዓባይን ይሻገራል። ወደ ሸዋ የሚሄድ ይሻገራል። ወደ ወለጋም ወደ ወሎም የሚሄድ ያው ነው። ድልድይ በሌለበት ዘመን ክረምት ሲገባ ዘመድ ከዘመድ የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነበር። ድልድይ ላይ ስንደርስ የምንደሰተው ያለ ነገር አይደለም።

ገመዶቹ ለጌጥ ናቸው ወይስ ሥራ አላቸው?

ሥራ አላቸው፤ ከባድ ሥራ። ማታ መብራት ሲያርፍባቸው ስለሚያምሩ ብዙ ሰው ጌጥ ይመስሉታል።

ነገሩን ለመረዳት በሁለት እጁ ሁለት ባልዲ ውሃ የያዘን ሰው አስቡ። የባልዲው ክብደት በክንዱ በኩል ወደ ትከሻው ይወጣል። ከትከሻው በወገቡና በእግሩ አድርጎ መሬት ይገባል። ክንዱ የሚለጠጥ ነው። እግሩ የሚጨመቅ ነው። ድልድዩም እንደዚሁ ነው። ገመዶቹ ክንድ ናቸው፤ ይለጠጣሉ። ምሰሶው ወገብና እግር ነው፤ ይጨመቃል። መኪና የሚሄድበት ወለል ባልዲው ነው። ሰውየው አንዱን ባልዲ ቢያስቀምጥ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ለዚህ ነው ገመዶቹ ከምሰሶው ግራና ቀኝ ተመጣጥነው የሚወጡት። አንዱ ወገን ሲጎትት ሌላው ወገን መልሶ ይጎትታል፤ ምሰሶው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያ አባት «ማንን ነው የያዘው» ላሉት መልሱ ይኸው ነው። ገመዱ ወለሉን ይይዛል፣ ምሰሶው ገመዱን ይይዛል፣ መሬት ምሰሶውን ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ድንጋይና ኮንክሪት ሲጨመቁ ጠንካራ ናቸው፤ ሲለጠጡ ግን ቶሎ ይሰነጠቃሉ። ብረት ደግሞ ሲለጠጥ ጎበዝ ነው። የዚህ ዓይነት ድልድይ ጥበብ ለእያንዳንዱ የሚችለውን ሥራ መስጠት ነው።

ምሰሶዎቹ ለምን አጠሩ? በቴሌቪዥን የምናያቸው የውጭ አገር ድልድዮች ምሰሷቸው ሰማይ ጠቀስ ነው።

ይህን የሚጠይቅ ሰው ዓይኑ ጥሩ ነው። የባሕር ዳሩ ድልድይ በተለምዶ «የኬብል ድልድይ» ይባላል። በሙያው ሰዎች አጠራር ግን ኤክስትራዶዝድ የሚባል ዓይነት ነው። የኬብል ድልድይ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አንድ ግን አይደሉም።

በተለመደው የኬብል ድልድይ ምሰሶው ረጅም ነው። ቁመቱ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ያለውን ርቀት አንድ አራተኛ ወይም አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። ገመዱ ከላይ ቁልቁል ስለሚወርድ ወለሉን ወደ ላይ አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ወለሉም ቀጭን መሆን ይችላል። በኤክስትራዶዝድ ግን ምሰሶው የዚያን ግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ገመዱ ጋደም ይላል። ጋደም ያለ ገመድ ደግሞ ከማንጠልጠል ይልቅ ወለሉን ከዳርና ከዳር ወደ ምሰሶው አጥብቆ ይጨምቀዋል። ወፍራም የመጻሕፍት ረድፍ በሁለት እጃችሁ ከሁለት ጫፍ ጨምቃችሁ ከመደርደሪያ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? መሃል ያሉት መጻሕፍት ምንም ሳይይዛቸው አይወድቁም። ጭምቁ ነው የያዛቸው። ኮንክሪቱም እንደዚያ ነው። ሲጨመቅ ይጠነክራል፤ ሸክሙን ራሱም ይሸከማል። ስለዚህ ወለሉ ወፈር ያለ ነው፤ ገመዱ ያግዘዋል እንጂ ብቻውን አይሸከመውም።

ሐሳቡን በ1988 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ማቲቫ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ሐሳቡን ወስደው መጀመሪያ የሠሩት ግን ጃፓኖች ናቸው። ኦዳዋራ በሚባል ከተማ በ1994 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ድልድይ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ጎጃም ይህ ዓይነት ድልድይ መጀመሪያ የመጣው በጃፓኖች እጅ ነው። ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ገመዱ ቢበጠስስ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። እናቴም ጠይቃኛለች። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

መጀመሪያ፣ ከሩቅ አንድ ወፍራም ገመድ የሚመስለው አንድ ገመድ አይደለም። ውጭ የሚታየው የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ይከላከላል። ውስጡ ብዙ ቀጫጭን የብረት ገመዶች ጎን ለጎን አሉ። እያንዳንዷ ቀጭን ገመድ ደግሞ ከሰባት የብረት ሽቦ የተገመደች ናት። በዚህ ሥራ ላይ በተለምዶ የሚውለው ስፋቱ 15.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአውራ ጣት ያህል እንኳ አይሞላም። ይህቺ የጣት ያህል ገመድ ለመበጠስ 28 ቶን ያህል መጎተት ትፈልጋለች። በእኛ ልኬት 280 ኩንታል ማለት ነው። አንዲት ቀጭን ገመድ 280 ኩንታል እህል አንጠልጥላ መያዝ ትችላለች! እንዲህ ያሉት በርካታ ሆነው አንድ ላይ ሲሠሩ አስቡት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ በዓይን ይታያል።

ሁለተኛ፣ ገመዱ አቅሙን አሟጥጦ አይጎተትም። በተለመደው የኬብል ድልድይ ከመበጠሻው አቅም 45 በመቶ ገደማ እንዳያልፍ ይደረጋል። በኤክስትራዶዝድ እስከ 60 በመቶ ይፈቀዳል። ለምን ከፍ አለ ብላችሁ እንዳትሰጉ። ብረት የሚደክመው ብዙ ጊዜ ሲወጠርና ሲላላ፣ ሲወጠርና ሲላላ ነው። ሽቦ ወዲያና ወዲህ እያጠፋችሁ ስትሰብሩት እንደምታዩት። እዚህ ግን ወፍራሙ ወለል አብዛኛውን የመኪና ክብደት ስለሚቀበል ገመዱ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ትንሽ ነው። ተሳቢ አለፈ፣ ባጃጅ አለፈ፣ ገመዱ ብዙም አይለየውም።

ሦስተኛ፣ የዚህ ዘመን ድልድይ ሲነደፍ «አንድ ገመድ በድንገት ቢጠፋስ?» ተብሎ ይሰላል። መልሱ «ድልድዩ ይቆማል» ካልሆነ ንድፉ አያልፍም። ገመዶች አንድ በአንድ እየተፈቱ በአዲስ እንዲተኩም ሆነው ነው የሚሠሩት።

እና እማ፣ ሳትፈሪ ተሻገሪ።

መሃሉ ላይ ስቆም ይንቀጠቀጣል። ችግር አለው?

ችግር የለውም። ከባድ መኪና ሲያልፍ እግራችሁ ሥር የሚሰማችሁ ትንሽ መርገብገብ ጤናማ ነው። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ረጅም ድልድይ የለም። ቢኖር ኖሮ እሱ ነበር የሚያሰጋው፤ የማይታጠፍ ነገር ይሰበራላ።

ድልድዩ በሙቀትም ይንቀሳቀሳል። የኮንክሪቱ ሙቀት በ20 ዲግሪ ቢለዋወጥ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ነገር ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ድልድይ ጫፍ ላይ ጎማ ሲያልፍ «ድብ ድብ» የሚያሰኘው የብረትና የጎማ መጋጠሚያ ለዚህ መላወሻ ተብሎ የተተወ ክፍተት ነው። ያ ክፍተት በአፈርና በጠጠር እንዳይደፈን መጠረግ አለበት። ከተደፈነ ድልድዩ የሚላወስበት ያጣል። ጠራጊዎቹን ሌሊት በቀዝቃዛው ሲሠሩ ያየ ሰው ሰላም ብሎ ይለፍ፤ የያዙት ሥራ ትልቅ ነው።

ወንዙ መሃል ላይ እንዴት አድርገው ሠሩት? ከሥር መደገፊያ አልነበረውም ወይ?

በዚህ ዓይነት ድልድይ ከሥር እንጨት ተክሎ ወለል መሙላት አያስፈልግም። ባልዲ የያዘውን ሰውዬ አሁንም አስታውሱት። መጀመሪያ መሠረቱ ይቆፈርና እግሩ ይቆማል። ከዚያ ከእግሩ አናት ላይ ወደ ግራ ጥቂት ሜትር፣ ወደ ቀኝም ያንኑ ያህል ኮንክሪት ይሞላል። ኮንክሪቱ ሲደርቅ በውስጡ ያለፈው ብረት ይወጠራል። እንደገና በግራ ትንሽ፣ በቀኝ ትንሽ። ተራው ሲደርስ ገመድ ይገባል። ኮንክሪቱ የሚሞላበትን ቅርጽ ማውጫ (ፎርም) የሚሸከመው ማሽን ትናንት የደረቀው ክፍል ላይ ቆሞ የነገውን ይሠራል። እንዲህ እያለ ከሁለት ወገን የመጡት ክንዶች መሃል ላይ ይገናኛሉ።

የሁለቱ ጫፎች መገናኘት ለመሐንዲስ የልብ ምት የሚጨምር ቀን ነው። ኮንክሪት በራሱ ክብደት ጎንበስ ይላል፤ በጊዜም ይበልጥ እየጎነበሰ ይሄዳል። ያን ሁሉ አስቀድሞ አስልቶ ወለሉን ሆን ብሎ ትንሽ ቀና አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። ስሌቱ ከተሳሳተ አንዱ ጫፍ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ይገናኛል። እኔ ሥራው ሳይጠናቀቅ ከዳር ሆኜ ያየሁት ጊዜ ነበር። ሁለት ያልተገናኙ እጆች አየር ላይ ተዘርግተው ነበር። ያን ቀን ያየሁትን አልረሳውም።

ዘዴው ለዓባይም ጥሩ ነው። ወንዙ ውስጥ የሚተከለው እግር ያንሳል። ጉማሬው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ታንኳው መተላለፊያ ያገኛል።

43 ሜትር ስፋት አልበዛም?

አልበዛም። በአሮጌው ድልድይ በሳይክል የተሻገረ ሰው ይህን አይጠይቅም።

እኔ ብዙ ጊዜ ተሻግሬበታለሁ። ከኋላዬ ነዳጅ የጫነ ቦቴ፣ ከፊቴ ገለባ የጫነ አይሱዙ፣ ጎኔ ላይ በግ የሚነዳ ሰው። አንድ መኪና ከተበላሸ የጎንደሩ መንገድ ሙሉ ይቆማል። አንድ ጠዋት የታመመ ዘመድ ይዘን ከማዶ ወደ ከተማው ስንመጣ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመን ቀረን። በኋላ በእግራችን ደግፈን አሻገርነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ስፋት ሳስብ የማስበው እሱን ነው።

አዲሱ በአንድ አቅጣጫ ሦስት፣ በሌላው ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። እግረኛና ሳይክል የራሳቸው መንገድ አላቸው። ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው በሳይክል ይሄዳል። ለኔ ከገመዱም ከመብራቱም በላይ ትልቁ ነገር ይህ የሳይክል መንገድ ነው። ሞተርና ባጃጅ እንዳይገቡበት ግን ሁላችንም ማስከበር አለብን።

አሮጌው ድልድይ ምን ያህል አገለገለ?

ከ60 ዓመት በላይ። ሲሠራ ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ነበረች፤ የሚያልፍበት መኪናም ጥቂት ነበር። ከጎንደርና ከመተማ የሚመጣውን ከባድ ጭነት ሁሉ እስከ መጨረሻው ተሸክሟል። ጠባብ ነበር ብለን አማረርንበት እንጂ አልከዳንም። ክብር ይገባዋል።

ዓባይ በረሃ ላይ ካለው ድልድይ ጋር ምን አገናኘው?

ዘመዳሞች ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ የምታገኙት የሕዳሴ ድልድይም ኤክስትራዶዝድ ነው። የተሠራው በጃፓን መንግሥት እርዳታ፣ ካጂማ በተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው። የተመረቀው በ2000 ዓ.ም ማብቂያ፣ በጳጉሜን ነው። አጠቃላይ ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ያለው መሃሉ 145 ሜትር ሲሆን ግራና ቀኙ 79፣ 79 ሜትር ነው። ደምሩት፤ ልክ ይመጣል።

ከላይ «ወደ ጎጃም መጀመሪያ በጃፓኖች እጅ መጣ» ያልኩት ይህን ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎጃም አቋርጦ ጎንደር የሚሄድ ሰው ዓባይን ሁለት ጊዜ ይሻገራል። ሁለቱንም ጊዜ በአጭር ምሰሶና በጋደም ያለ ገመድ ነው የሚሻገረው። ልዩነታቸው ቦታው ነው። የበረሃው ገደል ውስጥ ነው፤ ሙቀቱም ሌላ፣ የመሬቱ መንሸራተትም ሌላ። ከሁለቱም ዳገት የሚወርደው መንገድ ከድልድዩ ይልቅ ያስቸግራል። የባሕር ዳሩ ሜዳ ላይ ነው፤ የከተማ ጎዳና ነው። የበረሃውን ስትሻገሩ ከጎኑ ያለውን የድሮውን ቅስት ድልድይ ልብ በሉት። አባቶቻችን ጎጃም የገቡት በእሱ ላይ ነው።

ከነዚህ በፊት ጎጃሜ ዓባይን በምን ይሻገር ነበር?

በታንኳ፣ በዋና፣ ውሃው በጎደለበት በእግር። ድልድይም ነበር። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው፣ አላታ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው። እስከ ዛሬ ሰውና ከብት ይሻገርበታል። ድንጋይ በኖራ ተያይዞ፣ ቅስት ሆኖ፣ ሙሉ በሙሉ በመጨመቅ ብቻ የቆመ ነው። አንዲት ገመድ የለበትም።

ሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ ታሪኩ ይበልጥ ያሳዝናል። ያም በአስራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መሃሉ ተቆረጠ። ጠላት ሄደ፤ ስብራቱ ግን ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው በገመድ ነበር የሚሻገረው። መንገደኛው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፤ ከወዲያና ከወዲህ ጎበዛዝት ይዘው ያንጠለጥሉትና ያሳልፉታል። ገበያ የምትሄድ ሴት፣ የታመመ ልጅ፣ እህል፣ ሁሉም እንዲያ ነበር። በ1990ዎቹ ስብራቱ ተጠገነ፤ ጎርፍ መልሶ ወሰደው። በኋላ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

እስቲ አስቡት። ያ ሁሉ ሰው በገመድ እየተንጠለጠለ፣ ሕይወቱን በሰው ክንድ ላይ ጥሎ ዓባይን ተሻግሯል። ዛሬም በገመድ ነው የምንሻገረው፤ ገመዱን ግን ምሰሶ ያዘው።

ስንት ዓመት ይኖራል?

እንዲህ ያሉ ድልድዮች የሚነደፉት ለብዙ አሥርት ዓመታት፣ እስከ መቶ ዓመትም ነው። ቁጥሩ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በጣሊያን ጄኖቫ ከተማ ሞራንዲ የሚባል ድልድይ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በጊዜው የሚደነቅ ሥራ ነበር። ገመዶቹ ኮንክሪት ለብሰው ነበር፤ ለጥበቃ ተብሎ። ውሃ ቀስ ብሎ ገባ። ብረቱ ውስጥ ውስጡን ዛገ። ኮንክሪቱ ስለሸፈነው ማንም በዓይኑ ማየት አልቻለም። ነሐሴ 8 ቀን 2010 ዓ.ም በዝናብ መሃል ተደረመሰ። 43 ሰው ሞተ።

ይህን የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም። የዛሬዎቹ ገመዶች እንደዚያ አይሠሩም፤ እያንዳንዷ ቀጭን ገመድ በዚንክ ተነክራ፣ በሰም ወይም በግሪስ ተሞልታ፣ የራሷን የፕላስቲክ ልብስ ለብሳ ነው የምትገባው። ይፈተሻሉ፤ ይቀየራሉ። ነገር ግን የሚፈትሽ ሰው ካልተመደበ፣ በጀት ካልተያዘ፣ ልብሱ ምንም አይረዳም። እኛ አገር መርቆ የመክፈት ቀን በደስታ ይከበራል፤ የፍተሻ ቀን ግን ማንም አያውቀውም። እኔ የምመኘው በየዓመቱ «የዓባይ ድልድይ ተፈትሾ ይህ ተገኘ፣ ይህ ተጠገነ» የሚል ዜና መስማት ነው። ከምረቃው ዜና እኩል ያስደስተኛል።

እኛ ተራ ሰዎች ምን ማድረግ እንችላለን?

ብዙ ነገር። ከልክ በላይ አለመጫን የመጀመሪያው ነው። አንድ መኪና ከተፈቀደለት በላይ ሲጭን በመንገድና በድልድይ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በጨመረው ኩንታል ልክ ሳይሆን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የሚዛን ጣቢያን በሌሊት ዞሮ ማለፍ ብልጠት የሚመስለው ሾፌር ድልድዩን ነው የሚበላው።

የመከለያውን ብረት፣ ብሎኑን፣ የመብራቱን ሽቦ ፈትቶ የሚሸጥ አለ። ይህ በየመንገዱ የምናየው ነው። ሲፈታ ያየ ዝም አይበል። የሚገዛውም ቁራሌ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቅ።

የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹ ላይ ሃይላንድ ጠርሙስና ፌስታል አትጣሉ። ውሃ ወለሉ ላይ ሲተኛ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው መውጫ ደግሞ ብረቱ ያለበት ነው።

ከድልድዩ ሥር እሳት አለማንደድ፣ የሚቀጣጠል ዕቃ አለመከመር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አሜሪካ አትላንታ ከተማ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ የአውራ ጎዳና ድልድይ የተደረመሰው ከሥሩ ተከምሮ የነበረ የፕላስቲክ ቱቦ ተቃጥሎ ነው።

ለማየት የቱ ሰዓት ይሻላል?

ሁለት የሚመረጡ ጊዜዎች አሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ ከማዶ በኩል ትወጣለች። ጭጋጉ ከጣና እየተነሳ ወንዙ ላይ ይተኛል። ከከተማው ወደ ማዶ በእግር ብትሄዱ ገመዶቹን ከብርሃኑ ጋር ታዩዋቸዋላችሁ። መንገዱም ገና ፀጥ ያለ ነው። ዕድለኛ ከሆናችሁ ጉማሬ ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል፤ ጠጋ ብላችሁ ለማየት ግን ወደ ዳርቻው እንዳትወርዱ።

ማታ ደግሞ መብራቱ ሲበራ። በዚህ ሰዓት ሰው ይበዛል፤ ልጆች ይሮጣሉ፤ ፎቶ የሚያነሳው ብዙ ነው። በሳይክሉ መንገድ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ፤ ጠርዙን ያዙ።

ጊዜ ካላችሁ ተሻግራችሁ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ኮረብታ ነው። ከዚያ ላይ ዓባይ እንዴት እየተጠማዘዘ ወደ ጢስ ዓባይ እንደሚወርድ ይታያል፤ ከኋላው ከተማው፣ ከከተማው ወዲያ ጣና። ውሃ ያዙ። ዳገቱ ላይ ጥላ ብዙ የለም።